የመኪና ጌም ስንጫወት አንዱ የሌላውን አጨዋወት ስለማክበር፦ በሰሜን ሸዋ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ጽሑፍ ደብረ ብርሃን፣ ደብረ ሲና፣ ሸዋ ሮቢት፣ መሐል ሜዳ፣ እነዋሪና አረርቲ ውስጥ በጌም ቤት፣ በቤት ኮምፒውተርና በስልክ የመኪና ጌም ለምንጫወት ሁሉ ነው። ጥያቄዎቹ ተራ ስንጠብቅ፣ አንዳንዴም ተኮራርፈን ከቆየን በኋላ፣ ደጋግመው የሚነሱ ናቸው። መልሶቹ ውስጥ የራሴ አቋም አለ። የማንም ሰው አጨዋወት በራሱ ጥፋት አይደለም ብዬ አምናለሁ። ጥፋት የሚሆነው ሰዎች ለአንድ ዓይነት ጨዋታ ተስማምተው በተቀመጡበት ሌላ ዓይነት ጨዋታ ይዞ መግባት ነው። ስለዚህ አብዛኛው ጸብ የሚፈታው ውድድሩ ከመጀመሩ በፊት ባለችው አንድ ደቂቃ ነው።

ሁሉም አንደኛ ለመውጣት አይደል እንዴ የሚጫወተው?

አይደለም። ቅዳሜ ከሰዓት ጌም ቤት ገብታችሁ ስክሪኑን ትታችሁ ሰዉን ተመልከቱ። አንዱ ግራን ቱሪሞ ከፍቶ ያንኑ ትራክ ብቻውን ይዞራል። የሚወዳደረው ከትናንት ሰዓቱ ጋር ስለሆነ ግማሽ ሴኮንድ ከቀነሰ ቀኑ ሞላለት ማለት ነው። አጠገቡ ያለው በ2005 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የወጣውን ኒድ ፎር ስፒድ ሞስት ዎንትድ ይዟል። እዚያ ጌም ውስጥ 15 ስም ያለበት ዝርዝር አለ፤ እያንዳንዱን አሸንፎ ወደ ላይ መውጣት ነው የጌሙ ዋና ነገር። ልጁ ግን ዝርዝሩን ከተወው ቆይቷል፤ ፖሊስ ነካክቶ ሲያመልጥ ነው የሚያመሸው። ሦስተኛው የድሪፍት ሰው ነው፤ ኩርባ ላይ መኪናዋ አግድም ሆና ጭስ ካስነሳች ማን ቀደመ ማን ቀረ ግድ አይሰጠውም። ሌላው ብር አጠራቅሞ መኪና ይገዛል፣ ቀለም ይቀባል፣ ቸርኬ ይቀይራል፤ መንዳቱ ለእሱ ኋላ የሚመጣ ነገር ነው። መናኸሪያ አካባቢ ደግሞ ሚኒባሱ እስኪሞላ ስልኩ ላይ አስፋልት ከፍቶ አንድ ሁለት ውድድር የሚጫወት አለ። እሱ ነገ ማን ቁጥር አንድ እንደሚሆን አያስጨንቀውም፤ ጊዜውን ነው የሚገፋው።

እነዚህ ሁሉ የመኪና ጌም ተጫዋቾች ናቸው። ሁሉንም በአንድ ሚዛን ካስቀመጥናቸው ከአንዱ በስተቀር ሁሉም "የማይችሉ" ይሆናሉ፤ ይህ ደግሞ እውነት አይደለም።

ጌሙ ራሱ መግጨትን ከፈቀደ እናንተ ማን ናችሁ የምትከለክሉት?

ከሁሉም በላይ የሚያጣላን ይህ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልመልሰው።

በመጀመሪያ፣ ጌሞቹ ራሳቸው እርስ በርስ አይስማሙም። በ2004 የወጣው በርንአውት 3 መግጨትን ይሸልማል። ተቀናቃኝህን ከግድግዳ ጋር ስታላትመው ፍጥነት የሚጨምርልህ ጉልበት ይሞላልሃል። እዚያ ጌም ላይ ተቀምጦ "ለምን ገጨኸኝ" የሚል ሰው ጌሙን አልተረዳውም። በ2022 የመጣው ግራን ቱሪሞ 7 ግን፣ በ2017 የወጣው ግራን ቱሪሞ ስፖርትም ኦንላይኑ በ2024 እስኪዘጋ እንዳደረገው፣ ኦንላይን ለሚጫወት ሰው ሁለት ደረጃ ይይዝለታል፤ አንዱ የችሎታው፣ ሌላው የጨዋነቱ። ሰው እየገጨ የሚሄድ ተጫዋች ፈጣን ቢሆን እንኳ የጨዋነት ደረጃው እየወረደ ከመሰሎቹ ጋር ይመደባል። ከ2008 ጀምሮ ያለው አይሬሲንግ ደግሞ ጥፋተኛ ፍለጋ ውስጥ አይገባም፤ ሁለት መኪና ከተነካካ ለሁለቱም ነጥብ ይጻፍባቸዋል። ይህን የሰማ ሁሉ መጀመሪያ ይናደዳል፤ ተገጭቶ ደግሞ መቀጣት! ግን ውጤቱን ስታዩት ሁሉም ሰው በራሱ ጥፋት ላይ ብቻ ሳይሆን አጠገቡ ባለው መኪና ላይም እንዲጠነቀቅ ያደርጋል። ትራክማኒያ ላይማ ነገሩ ከሥሩ ተነቅሏል፤ ኦንላይን ስትወዳደሩ መኪኖቹ አንዱ በአንዱ ውስጥ አልፈው ይሄዳሉ እንጂ አይጋጩም።

እንግዲህ አንዱ ይሸልማል፣ ሌላው ይቀጣል፣ ሌላው ጭራሽ እንዳይሆን አድርጎታል። መግጨት በራሱ ነውር ነው ወይም አይደለም ብሎ መፍረድ አይቻልም።

ችግሩ የሚፈጠረው እንዲህ ሲሆን ነው። ሁለት ልጆች ግራን ቱሪሞ ላይ ስክሪኑን ለሁለት ከፍለው ይቀመጣሉ። የቀኝ ልጅ ሳምንቱን ሙሉ የመጀመሪያዋን ኩርባ ሲለማመድ ከርሟል፤ የት ፍሬን መያዝ እንዳለበት፣ መቼ መሪውን መስበር እንዳለበት ያውቃል። የግራው ልጅ ያደገው በበርንአውት ነው። ኩርባዋ ስትደርስ ፍሬን የሚባል ነገር አይነካም። ቀጥ ብሎ ይመጣና የቀኙን መኪና ጎን ተደግፎ ይታጠፋል። የተደገፈው መኪና ከአስፋልት ወጥቶ አሸዋ ውስጥ ይገባል፤ ደጋፊው ሳይቸገር ኩርባዋን ጨርሶ ይሄዳል። የሰው መኪና ለእሱ ፍሬን ሆነለት። በእሱ ዓይን ብልሃት ነው፣ እውነቱን ነው፣ በለመደው ጌም ብልሃት ነበር። የቀኙ ልጅ ግን ለጨዋታው የከፈለው ብርና ሳምንቱን ሙሉ የለፋው በአንድ ኩርባ ቀለጠ። ሁለቱም ጆይስቲኩን ሲያስቀምጡ የተበደሉ ይመስላቸዋል፤ ማንም ቀድሞ አላወራምና።

ተቃራኒውም አለ፤ ብዙ አይወራለትም እንጂ ያው ነው። ልጆች በርንአውት ከፍተው እየተሳሳቁ ሲላተሙ አንድ "ቁም ነገረኛ" ተጫዋች መጥቶ ተራ ይይዛል። ከዚያ በየግጭቱ ትምህርት ይሰጣል፦ መስመር ጠብቁ፣ ይህ መንዳት አይባልም። እሱም የሰው ጨዋታ እያበላሸ ነው።

እኛ ጋ የተለመደው መፍትሔ ቀላል ነው። ከመጀመራችሁ በፊት "በንጹሕ ነው ወይስ በግጭት?" ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ "በንጹሕ" ከሆነና በስህተት ገጭታችሁ ከቀደማችሁ፣ ቀጥታው መንገድ ላይ ነዳጅ ቀንሱና ቦታውን መልሱ። ቦታ መመለስ ሽንፈት አይደለም። ጌም ቤት ውስጥ ሰው የሚታመነው በእሱ ነው።

"በንጹሕ" ከተባለ ኩርባ ላይ ባለመብቱ ማን ነው?

ሁለት መኪና ወደ አንድ ኩርባ ሲገባ የሚሠራ መለኪያ ይኸውላችሁ። በውስጥ በኩል የምትቀድሙት እናንተ ከሆናችሁ፣ ኩርባዋ መሐል ከመድረሳችሁ በፊት የፊት ጎማችሁ ቢያንስ ከቀዳሚው መኪና ስፖኪዮ እኩል መድረስ አለበት። ከደረሰ ቦታ ይሰጣችኋል። ካልደረሰ ቦታው የእሱ ስለሆነ ፍሬን ይዛችሁ ከኋላው ግቡ። የእውነተኛ መኪና ውድድር ዳኞችም ነገሩን የሚያዩት በዚህ ዓይን ነው።

ቀዳሚውም ግዴታ አለበት። መንገድ ለመዝጋት አንድ ጊዜ ወደ አንድ ጎን መውጣት ይችላል፤ ወዲያ ወዲህ እየተወዛወዘ የኋላውን ማገድ ግን የለበትም። ፍሬን መያዝ ከተጀመረ በኋላ መስመር መቀየርም ክልክል ነው፤ ከኋላ ያለው የሚሸሽበት የለውም።

በኦቶማቲክ ማርሽ የሚጫወት "እውነተኛ ተጫዋች" ይባላል?

ይባላል። ጥያቄውን ባላይ ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን በየሳምንቱ ይነሳል።

ፍሬን እንዳይቆለፍ፣ ጎማ በከንቱ እንዳይሽከረከር፣ ማርሽ ራሱን እንዲቀይር የሚያደርጉ እርዳታዎች ጌሙ ውስጥ የተቀመጡት እንድንጠቀምባቸው ነው። አስፋልት 9 በ2018 ሲወጣ ከነጭራሹ መሪውን ራሱ የሚይዝ አማራጭ ይዞ ነው የመጣው። መኪናዋ መንገዱን ትከተላለች፤ ተጫዋቹ የሚወስነው በየት በኩል እንደሚሄድ፣ ናይትሮ (ለአፍታ ፍጥነት የሚጨምረውን) መቼ እንደሚለቅ፣ መቼ እንደሚንሸራተት ነው። ስልክ በአንድ እጁ ይዞ ለሚጫወት ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። በአደጋ ጣቱ የተጎዳ፣ አንድ እጁ እንደልቡ የማይታዘዝለት ሰው አጠገባችሁ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል፤ ኦቶማቲክ ለእሱ ከጨዋታው ያለመቅረት ጉዳይ ነው።

ደግሞም እርዳታ ያሸንፋል የሚለው ስሌት አብዛኛውን ጊዜ ትክክል አይደለም። ጎማ እንዳይሽከረከር የሚከላከለው እርዳታ ሥራውን የሚሠራው የሞተሩን ጉልበት በመቀነስ ነው። ጀማሪውን ከመሽከርከር ያድነዋል፣ ጎበዙን ግን ከኩርባ ሲወጣ ያዘገየዋል። ኦቶማቲክ ማርሽም ቢሆን ተጫዋቹ ከኩርባ በኋላ በየትኛው ማርሽ መውጣት እንደሚፈልግ አያውቅለትም። የላይኛው ደረጃ ላይ ያሉት በራሳቸው ማርሽ የሚቀይሩት ለኩራት አይደለም፤ ስለሚፈጥንላቸው ነው። ስለዚህ አጠገባችሁ ያለው በኦቶማቲክ ካሸነፋችሁ በመንዳት ነው ያሸነፋችሁ።

ውድድር ስታዘጋጁ ግን ቀድሞ መወሰን ይሻላል፤ ወይ ሁሉም እንደፈለገ፣ ወይ ሁሉም አንድ ዓይነት። ውድድሩ ካለቀ በኋላ "አንተማ በኦቶማቲክ ነበርክ" ማለት ዋጋ የለውም።

ወደ ኋላ መመለሻውስ?

ፎርዛን በመሳሰሉ ጌሞች ስህተትን ወደ ኋላ መልሶ እንደገና መሞከር ይቻላል። ብቻችሁን ስትጫወቱ እንደፈለጋችሁ ተጠቀሙበት፤ ኩርባ ለመማር ከእሱ የተሻለ መንገድ አላውቅም። "ሰዓቴን ስበሩ" ብላችሁ ፎቶ ከላካችሁ ግን ያለመመለሻ የተነዳ መሆን አለበት።

ሳይወዳደር ዝም ብሎ የሚነዳ ሰው ተራ እየያዘብን አይደለም?

ከፍሎ ከሆነ የያዘው የራሱን ተራ ነው።

የማውቃቸው አንድ ጋሼ አሉ፤ የአይሱዙ ሹፌር ናቸው። ሥራቸው አዲስ አበባና ኮምቦልቻ መመላለስ ነው። ጣርማ በርን ጭነት ይዘው ወደ ደብረ ሲና መውረድ ምን እንደሆነ የሚያውቁ ሰው ናቸው፤ ጉሙ ሲወርድ የፊት መብራት ከአፍንጫ አያልፍም፣ ፍሬኑ ደግሞ እንዳይግል በማርሽ ነው የሚያዘው። ደብረ ብርሃን ሲያድሩ አልፎ አልፎ ጌም ቤት ብቅ ይላሉ። የሚከፍቱት በ2012 የወጣውን ዩሮ ትራክ ሲሙሌተር 2 ነው፤ ከተማ ከከተማ ጭነት ማድረስ ነው ሥራው፣ የሚቀድሙት ሰው የለም። አጠገባቸው ብትቀመጡ እጃቸውን ታያላችሁ። ከመታጠፋቸው በፊት ፍሬቻ ያሳያሉ፣ ካሜራውን ወደ ስፖኪዮው ያዞራሉ፣ ኋላ ማንም ባይኖርም ያያሉ። መንገድ ዳር ቆመው እንደገና ሲነሱ ሌላው መኪና እስኪያልፍ ይጠብቃሉ። ልጆቹ ከኋላ "ጋሼ፣ ይርገጡት እንጂ!" ይሏቸዋል። ዞር ብለው ፈገግ ይላሉ፣ በዚያው ፍጥነት ይቀጥላሉ።

ለምን በሥራ የሰለቹትን ነገር ደግመው እንደሚጫወቱት ጠይቄያቸዋለሁ። ጉም የሌለበት፣ የሚግል ፍሬን የሌለበት፣ አሠሪ የማይደውልበት መንገድ ስለሆነ ነው ያሉኝ። ያንን ሰዓት ማን ነው ባከነ የሚለው?

ነገር ግን የሽርሽር ሰውም ድርሻ አለው። ሌሎች የሚወዳደሩበት ክፍል ገብቶ መንገድ መሐል ቆሞ መኪናውን ፎቶ ማንሳት ያው የሌላውን ጨዋታ መንካት ነው። እንደ ፎርዛ ሆራይዘን ባሉ ሰፊ ካርታ ያላቸው ጌሞች ውስጥ ተወዳዳሪውም ተንሸራሻሪውም አንድ መንገድ ላይ ስለሚገናኙ፣ ተንሸራሻሪው ወደ ዳር ይያዝ፣ ተወዳዳሪውም ዳር ቆመው መኪና የሚተያዩ ሰዎች መሐል በ300 ኪሎ ሜትር አይግባ።

አንድ ዙር ሙሉ ተቀድሜያለሁ፤ መሪው ሲደርስብኝ ምን ላድርግ?

መስመራችሁን ጠብቁና በቀጥታው መንገድ ላይ ነዳጅ ቀንሱለት። በእውነተኛ ውድድር ሰማያዊ ባንዲራ ሲውለበለብ ትርጉሙ ይኸው ነው። ደንግጣችሁ በድንገት ወደ ጎን አትሽሹ፤ ብዙ ግጭት የሚመጣው ለማሳለፍ ተብሎ በተደረገ ድንገተኛ መታጠፍ ነው። መሪውም አይጩኽ። ኋላ የቀረውም የራሱ ውድድር አለው፤ ምናልባት ከዘጠነኛው ጋር አንገት ለአንገት ተያይዟል።

ኦንላይን ስጫወት ሆን ብሎ ገጨኝ። እንዴት ልታገሠው?

መጀመሪያ ሆን ብሎ መሆኑን አረጋግጡ። ሒሳቡን አብረን እንሥራው። በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሴኮንድ 55 ሜትር ተኩል ያህል ይሄዳል። ኔቱ ጎትቶ መረጃው በ200 ሚሊ ሴኮንድ፣ ማለትም በሴኮንድ አንድ አምስተኛ ቢዘገይ፣ የእናንተ ስክሪን ላይ የምታዩት መኪና እውነተኛ ቦታው 11 ሜትር ያህል ወደፊት ነው። አንድ የቤት መኪና አራት ሜትር ተኩል ገደማ ስለሆነ የሁለት መኪና ርዝመት አለፈ ማለት ነው። እናንተ "ገጨኝ" ስትሉ በእሱ ስክሪን ላይ አልነካችሁም። እሱም በተራው እናንተን በድንገት ፍሬን የያዛችሁ አድርጎ ያያችኋል።

ከእኛ አካባቢ ሆነን ውጪ አገር ካለ ሰው ጋር ስንጫወት ይህ መዘግየት ሁልጊዜ አለ። ማታ ሁሉም ሰው ኢንተርኔት ላይ ሲሆንማ ይብሳል። ስለዚህ ኔቱ ደካማ ከሆነ ከፊታችሁ ካለው ሰው ራቅ ብላችሁ ንዱ፤ ጎን ለጎን ሆናችሁ ኩርባ አትግቡ። የውድድሩን ቅጂ መልሳችሁ ካያችሁ በኋላም ሆን ብሎ ነው ካላችሁ፣ ጌሙ ውስጥ ባለው መንገድ ሪፖርት አድርጉና ተዉት። በሚቀጥለው ዙር ጠብቆ መበቀል ግን ከእናንተ ጋር ምንም ጸብ የሌላቸውን ሌሎች ሰዎች ውድድር ያበላሻል።

ታናሽ ወንድሜ አብሮኝ መጫወት ይፈልጋል፤ ልሸነፍለት?

አትሸነፉለት። ልጅ ሲለቀቅለት ያውቃል፤ ባያውቅም ጌም ቤት ውስጥ አንዱ ይነግረዋል። ከዚያ ይልቅ ልዩነቱን በግልጽ አጥቡት። እናንተ ደካማዋን መኪና ያዙ፣ እሱ ፈጣኗን ይምረጥ። ወይም እሱ ተነስቶ እስከ አሥር እስክትቆጥሩ ቁሙ። እርዳታዎቹን ሁሉ ለእሱ ክፈቱለት።

ጌም ሠሪዎቹም ቢሆኑ አስበውበታል። ማሪዮ ካርት ውስጥ ከ1996 ጀምሮ ተጫዋች የሚለቀው፣ ከፊት የሚመራውን ፈልጎ የሚመታ ሰማያዊ ዔሊ አለ፤ የሚደርሰውም ብዙውን ጊዜ ኋላ ለቀሩት ነው። ታላቅና ታናሽ አንድ ሶፋ ላይ ተቀምጠው ሁለቱም እስከ መጨረሻው ዙር ተስፋ እንዲኖራቸው ነው። ጎበዞች ይህን ዔሊ ይጠሉታል። እኔ ግን ከታናሽ እህቴ ጋር ስጫወት ጥቅሙ ታይቶኛል፤ እስከ መጨረሻው መስመር ጆይስቲኩን አትለቅም።

ሴት ነኝ። ጌም ቤት ስገባ ሳልጠይቅ ሁሉም ሊያስተምረኝ ይነሳል። ምን ይሻላል?

የሚሻለው እናንተ ወንዶች እንድትቀመጡ ነው፤ መልሱን ለእናንተ ነው የምጽፈው። አንዲት ልጅ ተራ ይዛ ጆይስቲክ ስታነሳ "ነዳጁ በዚህ ነው" ብሎ እጅ መስደድ እርዳታ ይመስላል፤ ለእሷ ግን በየቀኑ ከዜሮ እንድትጀምር መደረግ ነው። አንድ ወንድ ልጅ ቢገባ ማንም እንዲህ አያደርገውም። ከጠየቀች መልሱላት። ካልጠየቀች ልክ እንደ ማንኛውም ሰው "በንጹሕ ነው በግጭት?" በሏት። ካሸነፈች ደግሞ ለተሸነፈው ምክንያት አትፈልጉለት። "ለቀቀላት" የሚባለው ነገር ሁለቱንም መስደብ ነው።

አንቺ እህቴ፣ አብራሽ የምትጫወት አንዲት ጓደኛ ይዘሽ ብትመጪ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ይቀሉሻል። ይህ ያንቺ ግዴታ ሆኖ አይደለም፤ ሲሠራ ስላየሁት ነው።

ፉከራ የጨዋታው ማጣፈጫ አይደል? ዝም ብለን እንጫወት?

ዝም ያለ ጌም ቤት ማን ይፈልጋል! መንዝም ቡልጋም ፉከራ ብርቅ አይደለም፤ ጌም ላይ ስንቀመጥ ያንን በር ላይ ትተን አንገባም። "በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ" የሚባለው ለዚህ ነው፤ ጨዋታው ውስጥ ጌታና ሎሌ የለም፣ የተነካ አይቆጣም።

ነገር ግን ያ አባባል ፈቃድ የሚሰጠው ለጨዋታው ነው። መኪናውን፣ ፍሬን አያያዙን፣ የገባበትን አሸዋ፣ ባለፈው ሳምንት የተሸነፈውን ሽንፈት እንደፈለጋችሁ ፎክሩበት። እናቱን፣ ዘሩን፣ ሃይማኖቱን፣ አነጋገሩን፣ ከየት ወረዳ እንደመጣ፣ የለበሰውን ልብስ ግን አትንኩ። ሌላም ምልክት አለ፤ ሰውየው መመለስ ሲያቆም ፉከራው አልቋል። ፉከራ ሁለት ሰው ይፈልጋል። አንዱ ዝም ብሎ ስክሪኑ ላይ ካፈጠጠና ሌላው ከቀጠለ፣ ያ ስድብ ነው።

ደግሞ አዲስ ሰው ላይ በመጀመሪያ ቀኑ አይፎከርም። እስኪለመድ ጠብቁት።

ሲሸነፍ ጆይስቲኩን ጥሎ የሚነሳ ጓደኛ አለን።

ውድድሩ ሲያልቅ ለብቻው አናግሩት፤ ሰው ፊት አይሆንም። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ሽንፈቱ አይደለም፤ የማይወደው ዓይነት ጨዋታ ውስጥ በጓደኞቹ ተጎትቶ መቀመጡ ነው። ድሪፍት የሚወድ ልጅ በየቀኑ ለንጹሕ ውድድር ሲሰለፍ ይሰለቻል። ከሦስት ጨዋታ አንዱን እሱ ይምረጥና እዩት። ያም ሆኖ ጆይስቲክ መወርወሩን ከቀጠለ የሰበረውን ይክፈል፤ ጆይስቲክ ውድ ነው፣ ባለቤቱም ቤተሰብ አለው።

የጌም ቤት ባለቤት ምን ማድረግ ይችላል?

ከሁላችንም በላይ እሱ ይችላል። ሦስት ነገር ብቻ ልበል። አንደኛ፣ አንዱን ቴሌቪዥን ለንጹሕ ውድድር፣ ሌላውን ለግጭት ይመድብ፤ ወረቀት ላይ ጽፎ ከስክሪኑ በላይ ይለጥፍ። ሁለተኛ፣ ብቻቸውን ለሚጫወቱት ሂሳቡ በሰዓት ይሁን፤ በጨዋታ ብዛት ከሆነ ዝም ብሎ የሚነዳው ሰው "አልጨረስክም ወይ" እየተባለ ይሸማቀቃል። ሦስተኛ፣ ሲጣሉ ዳኛ ይሁን፤ ግን ሁልጊዜ ለብዙ ከፋይ የሚፈርድ ዳኛ እንዳይሆን። በክረምት ብርዱ ሰዉን ሁሉ አንድ ክፍል ውስጥ ሲያጭቀውና ወረፋው ሲረዝም የሚለየው ይህ ነው። እንዲህ ያለ ባለቤት ያለበት ቤት ልጅ ለመላክ ወላጅም አይከብደውም።

ውድድሩ መሐል ላይ መብራት ቢጠፋ አሸናፊው ማን ነው?

ማንም አይደለም። "እየመራሁ ነበር" አይሠራም፤ የመጨረሻዋ ኩርባ ላይ የተገለበጠ መሪ ሁላችንም አይተናል። መብራቱ ሲመለስ በዚያው ትራክ፣ በዚያው መኪና፣ በተስማማችሁበት ዓይነት ከመጀመሪያው ይነሳ። ካልተመለሰ ሂሳቡ ለሁለቱም ይያዝላቸው፣ ባለቤቱ ደብተር ላይ ይጻፈው፣ በማግሥቱ ሲመጡ ተራው የእነሱ ነው። ከሁለቱ አንዱ በማግሥቱ መምጣት የማይችል የመንገድ ሰው ከሆነ ግን ብሩ ይመለስለት።